ቡፌው ወደ ጎባ የተመለሰ ቀን

ባሌ ሮቤ ውስጥ የአንድ ቤት ምርጡ ክፍል ሰው አይኖርበትም። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ ወለሉ ሊሾ የሆነ፣ ኮርኒስ የተመታለት ክፍል በዓመት ጥቂት ቀን ብቅ ለሚል እንግዳ ተዘግቶ ይጠበቃል። ባለቤቶቹ ከጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተደራርበው፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ብርድ በጋቢ እየመከቱ ይኖራሉ። ስለ ብዙ አገር ሰው አኗኗር አንብቤያለሁ። ላልመጣ እንግዳ ብሎ በገዛ ቤቱ ስደተኛ የሚሆን ሰው ግን ከኛ ሌላ አላጋጠመኝም።

የዚያ ክፍል ሹም ቡፌ ይባላል። የኛው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የያዘ፣ ባለ መስታወት፣ ባለ ቁልፍ ነበር። በውስጡ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ፣ ውሃ ነክቷቸው የማያውቅ ስኒዎች፣ ጥንድ ፔርሙስና አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ተደርድረውበታል። የሠርግ ስጦታ ነው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሻሸመኔ ድረስ ሄደው አሠርተው፣ በአይሱዙ አስጭነው፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል አንድ መስታወት ሳይሰበር ያመጡት ነው። ይህን ጉዞ ቡፌውን ባዩ ቁጥር እንደ አዲስ ይተርኩት ነበር።

እኔ ዲዛይነር ነኝ። ሮቤ ላይ ይህ ማለት ታፔላ የሚሠራ፣ የሠርግ ካርድ የሚያዘጋጅ፣ ባነር የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። ሙያዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰው ባዶ ቦታ እንደሚፈራ ነው። አንድ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ታፔላውን ሠርቼ ሳሳየው ጣቱን መሃሉ ላይ ቀሰረ።

«ይሄ ባዶው ምንድን ነው?»

«ማረፊያ ነው። ዓይን ያርፍበታል።»

«የኔ ደንበኛ ዓይኑን ሊያሳርፍ አይመጣም፤ ሚስማር ሊገዛ ነው የሚመጣው። እዚያ ላይ አንበሳ አድርግበት።»

«አንበሳ ትሸጣለህ?»

«አድርግ ብያለሁ!»

ዘመኑም የባነር ዘመን ነበር። ለየስብሰባው መፈክር ይወጣል፤ ላይ በኦሮምኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ። አንባቢው ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ግራ ጫፍ ላይ ምን እንዳነበበ ረስቶታል። አንድ ጊዜ የገዢውን ግንባር ባነር ያዘዘኝን ካድሬ «ግማሹን ቃል ብናወጣው ሰው ያነበዋል» ብዬው ነበር። «የትኛውን ግማሽ?» አለኝ ፊቱን አጥቁሮ። ልማቱን ላውጣ ወይስ ሰላሙን? ሁሉንም ጻፍኩት።

ባለቤቴ ጎባ ነርስ ናት። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። እኔ የምሠራው ቤት ውስጥ ስለሆነ ልጃችንን የምይዘው እኔ ነኝ። ዳቦውንም የምጋግረው እኔ ነኝ። ይህ የመጨረሻው ነገር ሰፈሩን ለዓመታት አስቆታል። የሚስቁት ሰዎች ዳቦ የሚገዙበትን ዳቦ ቤት ገብተው ቢያዩ ኖሮ፣ የሚያቦካውም የሚጋግረውም ወንድ መሆኑን ያዩ ነበር። ለደመወዝ የጋገረ ወንድ ሠራተኛ ነው፤ ለልጁ የጋገረ ወንድ ግን ሚስቱ መተት አድርጋበት ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ስለዚህ መጋገሬን ቀጠልኩ።

ብየዳ ቤት ከበርሜል ያሠራሁት ምድጃ ጓሮ ቆሟል። ስንዴው ከከተማችን ጠርዝ የሚታጨድ ስለሆነ ዱቄት ችግር አይደለም፤ ትንሽ ገብስ እቀላቅልበታለሁ። ልጄ ከሊጡ የድርሻዋን ወስዳ ቀይ ቀበሮ ትሠራለች። የባሌ ልጅ ስለሆነች ቀበሮ እንጂ አንበሳ አትሠራም፤ በዚህ ከነጋዴው ትሻላለች። ችግራችን ቦታ ነበር። ኮምፒውተሬ፣ ቀለሙ፣ የሊጡ ገንዳና ልጅቷ በአንዲት ኮሪደር ውስጥ ነበርን። ከግድግዳው ወዲያ ቡፌው ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል።

አንድ ዓመት የአረፋ ዕለት አማቴ ከጎባ መጡ። ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ ፀጉሯ ዱቄት፣ እጇ አረንጓዴ ቀለም ሆኖ አገኟት።

«ይቺ ልጅ እንደ ድመት ነው የምትኖረው» አሉ። «ለልጅቷ ቦታ ስጧት። ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ቦታ ሰጥታችሁ ካላገኘሁ ጎባ እወስዳታለሁ፤ እዚያው ትማራለች።»

አማቴ ይህን ሲሉ ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ አያት ጋ ቢያድግ ማንም የማይገረምበት አገር ነው። የባለቤቴን ወንድም ልጅ «ለክረምት ብቻ» ብለው ወስደውት፣ ልጁ እዚያው ጺም አብቅሏል። ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ጎባ ገበያ ላይ ድንችና ሽንኩርት በጅምላ ሲነግዱ ኖረው አንድም ደላላ አላታለላቸውም። እኔ ደግሞ ልጄን ለማንም አልሰጥም። ለደግ ሰውም ቢሆን፤ ለአያቷም ቢሆን።

ማታ ለባለቤቴ «ሳሎኑን ለልጅቷ ልስጣት» አልኳት።

«ዕቃውን አውጣው» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «እኔም ሰልችቶኛል። እናቴን ግን አንተ ነህ የምትመልስላት።»

እናም ሰኔ ላይ፣ አማቴ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ባለቤቴ ግማሽ ቀን ተረኛ ስለነበረች ጎባ ሄዳለች። አናጢው የጽድ ጠረጴዛ አምጥቶ ሶፋዎቹን በልዋጭ ወሰደ። ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ አንዱን ጫፍ ለኔ ቁመት፣ ሌላውን ጫፍ ዝቅ አድርጌ ለልጄ ቁመት ነድፌዋለሁ። ቡፌውን ምን ላድርገው? ስጦታ መሸጥ ነውር ነው። መጣል ግፍ ነው። ስለዚህ በፒክአፕ አስጭኜ፣ ለሹፌሩ «ሰላም በልልኝ» ብዬ፣ ወደ ሰጪው ላክሁት። ሲፋቱ የሴቲቱ ዕቃ ወደ እናቷ ቤት እንደሚጫን እኔም እንደ ማንም ሰው አውቃለሁ። ግን ሰው አእምሮ አለው፣ ይጠይቃል ብዬ አሰብኩ። ስልክ ለመደወልም ሞክሬ ነበር፤ እንደ ልማዱ ኔትወርክ የለም።

ከዚያ ምድጃዬን አቀጣጠልኩ። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ ዓይኔን አቀላው።

መጀመሪያ የመጣው ከስልጤ መጥቶ በጎረቤታችን ሱቅ የከፈተው ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ ግቢውን አየ፤ የወጡ ወንበሮች፣ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ወለል ብሎ የተከፈተ ባዶ ሳሎን። የቀላ ዓይኔንም አየ። ጫማውን አወለቀና ገብቶ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ታፔላ አዝዞኝ ስለነበር ለዚያ የመጣ መሰለኝ።

«ታፔላህ ሰኞ ይደርሳል» አልኩት።

«ኧረ ተወው ወንድሜ» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ታፔላ ምን ያደርጋል? የዚህች ዓለም ነገር ምን ቁም ነገር አለው?»

ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የሰበክሁትን በመጨረሻ አንድ ሰው ተረዳኝ ብዬ ሻይ ቀዳሁለት።

ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከባለሱቁ ጎን ተቀመጡ። ቀጥሎ የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ንፍሮ በሳህን ይዛ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ያኔ ጠርጥሬ መጠየቅ ነበረብኝ ይሉኛል። እነሱስ ለምን አልጠየቁም? ምክንያቱን አውቃለሁ። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የገባ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም። ገብቶ ይቀመጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ከጎኑ ያለው ሰው ያውቃል ብሎ ያምናል። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። በዚህ ዓይነት ክፍሉ ማንም ምንም በማያውቅ ሰው ሞላ።

ነገሩን የገለጡት የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። የድንኳኑን ብረት በጋሪ አስጭነው በር ላይ አቆሙና ወደኔ ቀረቡ። ትከሻዬን ያዙ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ። ጀናዛው የሚቀበረው ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው ከዐስር ሶላት?»

«የማን ጀናዛ?»

«እንዴት የማን?»

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ሰብሳቢው ወደ ባለሱቁ ዞሩ። ባለሱቁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ወደ ጎረቤታችን።

«እኔማ ሰው ተሰብስቦ ሳይ ነው ንፍሮ የጣድኩት!» አለች።

«ሰው የሞተበት የለም» አልኩ። «ቡፌ ነው ያወጣሁት።»

ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጥሩ ቡፌ ነበር፤ አላህ ይማረው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም።

«በዚህ ከተማ ሶፋ ከቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። አንተ ይህን ታጣዋለህ?»

«አላጣውም» አልኳቸው። «ሰው ሲሞት ብቻ ነው ሳሎናችን ሰው የሚበቃው። ሲሞት ብቻ ነው እናንተ እንዲህ ትከሻ ለትከሻ የምትቀመጡት። ታዲያ ክፍሉ እንዲከፈት ሰው እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን?»

«አንተ ሰውዬ መጽሐፍ አብዝተሃል» አሉኝ። ግን ተቀመጡ፤ ዳቦው የሚወጣበት ሰዓት ነበርና ሽታው አስገደዳቸው። ልጄ በጠረጴዛው ዝቅተኛ ጫፍ ቆማ ቀበሮዎቿን ታሳያቸዋለች። እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ። ከንፍሮው ጋር ሲበላ ነበር ፒክአፑ ከጎባ የተመለሰው።

አማቴ ከፊት ወንበር ወረዱ። ቡፌው ግቢያቸው ሲራገፍ ሹፌሩን «ምንድን ነው?» ቢሉት፣ «ከሮቤ ነው፣ ሰላም ብለውዎታል» ከማለት በቀር ሌላ አላለም። ልጃቸው እንደተፈታች ቆጥረው፣ ቡፌውን ሜዳ ላይ ትተው በዚያው መኪና መጡ። መንገዱን ሙሉ ለኔ የሚሉትን ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። በር ላይ ሲደርሱ ግን የድንኳኑን ብረት አዩ። ነጠላ ያዘቀዘቀችውን ሴት፣ ወለል ላይ የተቀመጠውን ሰው አዩ። ያዘጋጁት ሁሉ ጠፋ። «ኢንታላ ኮ!» ብለው ጮኹ፤ በኦሮምኛ «ልጄ!» ማለት ነው። አጥሩን ይዘው ቁጭ አሉ።

ልጄ በሊጥ እጇ ሮጠች። «አኮ! አኮ መጣች!»

አያቷ ያዟት። ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን እንደ ገበያ ዕቃ ዳበሷት።

«እናትሽስ?»

«ሥራ ሄዳለች።»

አማቴ ቀስ ብለው ተነሱ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ደረቀ።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እማማ» አልኳቸው።

«ልጄን ፈታሃት?»

«አልፈታኋትም።»

«አልሞተች፣ አልተፈታች! ታዲያ ቡፌዬ ግቢዬ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ገብተው ሳሎኑን አዩ። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ፀሐይ። ሌላ ምንም የለም።

«ለልጅቷ ቦታ ስጡ አላልኩም?»

«ይኸው የቤቱን ምርጥ ክፍል ሰጠኋት።»

«አልጋ አለው? መጋረጃ አለው? ቁም ሣጥን አለው? ይሄ ቤት አይደለም፣ መጋዘን ነው! እኔ እንኳ ድንቼን ከዚህ በተሻለ ቤት ነው የማስቀምጠው።» ወደ ጎረቤታችን ዞሩ። «ልብሷን አምጪልኝ። አሁኑኑ ነው ይዣት የምሄደው።»

«አትሄድም» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅኩም!»

«እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ እየመለስኩ ነው። እርስዎን አከብራለሁ፤ ቢመቱኝም እጄን አላነሳም። ልጄ ግን ከዚህ ቤት አትሄድም።»

የእድሩ ሰብሳቢ ያለ ሥራ መመለስ አልወደዱም መሰለኝ ሽምግልና ጀመሩ። «መልካም» አሉ፤ «ልጅቷ ትጠየቅ። ነይ የኔ ልጅ። ከአኮ ጋር ጎባ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይስ...»

«አትጠየቅም!» አልኩ። ጮኼ ነበር።

«ለምን? ፈራህ?»

«ልጅ እንዲህ ዓይነት ነገር አትጠየቅም። እኛ ትልልቆቹ የምንሸሸውን ፍርድ በስድስት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ አንጭንም። እሷ ምንም ብትመልስ ከሁለታችን አንዱን ገፋሁ ብላ ታድጋለች።»

ብዙ ሰው ልጅ የማስመረጥን ልማድ ደግነት ይለዋል። እኔ ፈሪነት ነው የምለው፤ ዛሬም እንደዚያው እላለሁ።

ሰብሳቢው ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤቴ ገባች። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። አንድ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ ከጎኗ ያለችው እሷ መሆኗን ሳታውቅ፣ «እነዲዛይነሩ ቤት ለቅሶ ነው» ስትል ሰምታለች። ልጅቷን ካያቷ እቅፍ ወሰደችና ፊቷን አንገቷ ውስጥ ቀበረች።

መጀመሪያ የተናገሩት እናቷ ናቸው። «እስቲ አንቺ ንገሪው። ልጅቷን ልውሰዳት። ይሄ ቤት...»

«እማ» አለች ባለቤቴ፤ ቀና አላለችም። «መንገዱን ሙሉ የሞተችው ልጄ ናት እያልኩ ነው የመጣሁት። ለዛሬ አንዴ ቀብሬያታለሁ። ሁለተኛ ከእጄ ማንም አይወስዳትም። ሶፋ ይኑር አይኑር ግድ የለኝም።»

ባለሱቁ ጫማውን ፍለጋ ወጣ። ሰብሳቢው ለጋሪው ሰው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አንድ በአንድ ሄዱ፤ ንፍሮው ቀረ። አማቴ ወለሉ መሃል ቆመው የሰዎቹን መውጣት አዩ። ሲያልቁ ጫማቸውን አወለቁ።

«እንግዲያው እኔም አልሄድም» አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «ልጅቷን ካልሰጣችሁኝ ከዚህ አልነሳም።»

«ይቀመጡ» አልኳቸው። «አንሰጥም።»

ሁለታችንም ቃላችንን ጠበቅን። በማግስቱ ከጎባ ፍራሽ አስመጡ። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ እኔ በጠረጴዛው ከፍተኛ ጫፍ የሠርግ ካርድ እሠራለሁ፣ ልጄ በዝቅተኛው ጫፍ ሊጥ ትደፈጥጣለች፣ አማቴ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ሁለታችንንም ይተቻሉ። ዳቦዬ ጨው አነሰው። ካርዴ ሙሽሮቹ የት እንዳሉ አያስታውቅም። መብራት ሲጠፋ ለልጅቷ የጎባን የድሮ ገበያ በኦሮምኛ ያወሩላታል፤ እኔም የማልሰማ መስዬ እሰማለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አየሽው? ባዶ ቤት ውስጥ ነው ያስቀመጡኝ» ይላሉ። እንግዶቹ ግን ቀድሞ በዓመት ሁለቴ ይመጡ የነበሩት በየሳምንቱ መምጣት ጀመሩ፤ እሳቸውን ለማየት ይሁን ዳቦውን ለመብላት አልጠየቅሁም። ታፔላ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ቢኖር አማቴ «አንበሳ አድርግበት በለው፤ አለዚያ ባዶውን ይሸጥልሃል» እያሉ ያስጠነቅቁት ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የድንች ነጋዴዎቹ ላኩባቸው። ጠዋት ልጅቷን ዩኒፎርም አልብሰው፣ ፀጉሯን ራሳቸው ሠርተው ትምህርት ቤት አደረሷት። ሲመለሱ ቦርሳቸውን አነሱ። ታክሲ ድረስ ሸኘኋቸው። አንድ እግራቸውን ሚኒባሱ ውስጥ ካደረጉ በኋላ ዞሩ።

«ለረቡዕ ገበያ ልምጣና ልውሰዳት?»

«አትሄድም፣ እማማ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ብጠይቅ ምን አለበት? ምናልባት ዛሬ አዎ ካልክ ብዬ ነው።» በረዳቱ በኩል ዳር የተቀመጠውን ሰው «ጠጋ በል» አሰኝተው ተቀመጡ።

ቤት ስመለስ ፍራሹ አለ። ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ ነጩ ግድግዳዬ ላይ ልክ መሃሉ ላይ አቁመውታል። አበባ ያለበት፣ ቀይና ቢጫ፣ ከክፍሉ ጋር የማይሄድ ፍራሽ ነው። ጥግ ላይ ማድረግ ይችሉ ነበር። ሆን ብለው መሆኑን አውቃለሁ፤ እንደሚመለሱም አውቃለሁ።

የሚስማሩ ነጋዴ አንድ ቀን ሌላ ሥራ ይዞ መጣና ዓይኑን ፍራሹ ላይ ጣለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአማቴ ፍራሽ ነው።»

«ታዲያ ማረፊያህን አበላሸብህ እኮ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «አንሳው እንጂ!»

«አበላሽቶብኛል» አልኩት። «አይነሳም።»